ካትኒፕን በአዲስ አበባ ዳርቻ አብቅሎ ለድመት መስጠት፦ ከዘር እስከ መጫወቻ

ከከተማው ዳር ቤት የሠራ ሰው ድመት የሚያሳድገው ለአይጥ ነው። በሱሉታ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ ወይም በገላን በኩል እርሻው ከአጥሩ ማዶ ስለሚጀምር፣ አዝመራው ሲሰበሰብ አይጡም መጠለያ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። ድመቷ ሥራዋን ትሠራለች፤ ትርፍ ጊዜዋን ግን ሶፋ ስትቧጭርና ሌሊት ቆርቆሮ ላይ ስትሮጥ ታሳልፋለች። ለዚህ ሁሉ ካትኒፕ የሚባለው ቅጠል መድኃኒት ነው የሚል ወሬ ከውጭ አገር ከሚመጡ ዘመዶች ጋር ገብቷል። መድኃኒት አይደለም። ድመትን ከአንድ ነገር አርቆ ወደ ሌላ ነገር ለመሳብ ግን ከዚህ የቀለለ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል፤ ይህም ተክሉን ከክረምት ውሃ ካዳኑት፣ ቅጠሉንም በልክና አልፎ አልፎ ከሰጡት ነው። ከታች የተጻፈው በአብዛኛው ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ቅጠሉ ምን እንደሚያደርግ

ካትኒፕ፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ኔፔታ ካታሪያ፣ ከናና፣ ከበሶብላ፣ ከዳማከሴና ከጦስኝ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። የትውልድ አገሩ አውሮፓና እስያ ነው። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሉ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ የተሸረካከተ፣ በቀጭን ጸጉር የተሸፈነ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ሐምራዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ነው። ድመትን የሚስበው ኔፔታላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚገኘውም ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን እጢዎች ውስጥ ነው። ቅጠሉ ካልተነካ ሽታው ደካማ ነው፤ ሲታሽ፣ ሲቀደድ ወይም ሲታኘክ እጢዎቹ ይፈነዱና ሽታው ይወጣል።

ድመቷ የምትቀበለው በአፍንጫዋ እንጂ በሆዷ አይደለም። አሽትታ ትልሳለች፣ ታኝካለች፣ ራሷን ታራግፋለች፣ አገጯንና ጉንጯን ቅጠሉ ላይ ታሻሻለች፣ ከዚያ መሬት ላይ ትንከባለላለች። አንዳንዷ ለሃጯን ታዝረበርባለች፤ አንዳንዷ ተነሥታ ግቢውን ትዞራለች። ይህ ሁሉ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ያው ቅጠል ቢቀርብላት ግድ አይሰጣትም። አንበሳና ነብርም ይሰማቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የጃፓኑ ኢዋቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ሽታው ድመቶች በራሳቸው አካል ውስጥ የሚያመነጩትን የደስታ ቅመም፣ ቤታ ኢንዶርፊንን፣ ከፍ እንደሚያደርገው አሳይተዋል። ጥናቱ የተሠራው ለካትኒፕ ቅርብ የሆነ ንጥረ ነገር ባለው ማታታቢ በሚባል የምሥራቅ እስያ ተክል ነበር። በቅጠሉ ፊታቸውን ያሻሹ ድመቶች ላይ የሚያርፈው ትንኝ ቁጥርም ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ያ ሁሉ መንከባለል እብደት ይመስላል እንጂ ትንኝ መከላከያ መቀባትም ነው። ሱስ አያስይዝም፤ ይህ ሥጋት ካላችሁ ሥጋቱን ተዉት።

አንደኛ፦ ከመዝራታችሁ በፊት ድመቷን ፈትኑ

ብዙ ሰው ቀድሞ ይተክላል፤ ከወራት ልፋት በኋላ ድመቷ ቅጠሉን አሽትታ ጀርባዋን ትሰጣለች። ከሦስት ድመቶች አንዷ ያህል ካትኒፕ አይሰማትም። ይህ በዘር የሚወረስ እንጂ የአስተዳደግ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኒል ቶድ የተባለ ተመራማሪ ነገሩ በአንድ ዘረ መል የሚተላለፍ መሆኑን ጽፎ ነበር፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ብዙ ዘረ መሎች እንደሚሳተፉበት አሳይተዋል። ግልገሎችም አይሰማቸውም፤ ቢያንስ ሦስት ወር፣ ብዙ ጊዜም ስድስት ወር እስኪሞላቸው መጠበቅ ነው።

ለፈተናው ጥቂት ደረቅ ቅጠል ይበቃል። ቅጠሉ የተሰፋበት መጫወቻ ያለው ሰው ካወቃችሁ ለአንድ ቀን ተዋሱት። ድመቷ ባልፈራችበት፣ እንግዳና ውሻ በሌለበት ክፍል ቅጠሉን በጣታችሁ አሽታችሁ መሬት ላይ አድርጉትና ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። አታስገድዷት፤ አፍንጫዋ ሥር አትደቅኑባት። በአንድ ቀን ብቻ አትፍረዱ፤ የደነገጠች ወይም የታመመች ድመት ዘረ መሉ ቢኖራትም አትንቀሳቀስም። በሌላ ቀን ደግማችሁ ሞክሩ፤ አሁንም ዝም ካለች ግን ዘር አትፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በ100 ድመቶች ላይ በወጣ ጥናት ለካትኒፕ ምላሽ የሰጡት 68 ያህል ሲሆኑ ለማታታቢ ግን ወደ 80 የሚጠጉት ሰጥተዋል። ካትኒፕ ያልሰማት ድመት ለእሱ ልትነቃ ትችላለች ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ትክክለኛውን ዘር በትክክለኛው መንገድ አግኙ

በከረጢቱ ላይ ያለውን ሳይንሳዊ ስም አንብቡ። “ካታሪያ” የሚል ካልተጻፈበት፣ ለጌጥ የሚተከለውና ሐምራዊ አበባ ያለው ዘመዱ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ለግቢ ውበት ጥሩ ነው፣ ለድመት ግን ደካማ ነው። በእኛም ደጋ ኔፔታ አዙሪያ የሚባል ሌላ ዘመዱ በዱር ይበቅላል። ያንን ከሜዳ ነቅሎ ማምጣት አያስፈልግም፤ ዝምድና ብቻውን አንድ ዓይነት ሥራ አያሠራም።

ዘር ከውጭ ለማስገባት የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። “አንዲት ከረጢት ምን ታደርጋለች” ብሎ ሻንጣ ጥግ መሸጎጥ የተለመደ ነው፤ ልማዱን ግን አልወደውም። ካትኒፕ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተወሰደ በኋላ ከአትክልት ቦታ አምልጦ በየመንገዱ ዳር እንደ አረም በቅሏል። የእኛ አጥር ደግሞ ከጤፍና ከስንዴ ማሳ ጋር ይዋሰናል። አስቀድሞ አገር ውስጥ ከሚያበቅል ሰው ቁርጥራጭ ወይም ዘር ማግኘት ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ቦታና አፈር

በአውሮፓ በረዶ ወድቆበት በጸደይ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ተክል ስለሆነ ብርዳችን አይገድለውም። የሚገድለው ውሃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይወርዳል፤ በዚያ ወቅት ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ አፈሬ ምን ዓይነት ነው የሚለው ይሁን።

በአቃቂ፣ በገላን፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በዋልካ ላይ መሬት ውስጥ አትትከሉ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ከላይ ቆርጣችሁ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር ቢያንስ ስምንት ቦታ ብሱት። ከሥር ጠጠር፣ ከላይ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋና ግማሽ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት አድርጉ። ጀሪካኑን በሁለት ጡብ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ያለ ጡቡ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ይደፈናሉ። በእንጦጦ ግርጌና በቡራዩ በኩል ቀይ አፈር ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ዳሩን በድንጋይ መደገፍ ይበቃዋል።

ፍግ አታብዙ። ምግብ የበዛለት ተክል ቶሎ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ሽታው ግን ይሳሳል። ቀኑን ሙሉ ካልሆነም ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ስጡት፤ በረንዳ ላይ ከሆነ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ የዞረው ይሻላል።

አራተኛ፦ መዝራት

ወቅቱ የመስከረም አጋማሽ ነው። ዝናቡ እየቀለለ፣ ፀሐዩ እየበረታ ስለሚሄድ ችግኙ ሳይሰምጥ ሥር ይሰዳል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣም ጠንክሮ ይጠብቀዋል። በሱሉታ ሜዳና በሰንዳፋ በኩል ግን ውርጩ ቀደም ሊል ስለሚችል በመጀመሪያው ዓመት ሌሊት ሌሊት በጆንያ ሸፍኑት።

የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ነው። አንድ ሌሊት በማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍል አሳድሩት፤ መብራት ከጠፋ ሌላ ሌሊት ጨምሩለት። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በሣጥን ወይም በአሮጌ ትሪ ላይ በተነጠፈ አፈር ላይ በትኑ፤ ከላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አፈር ነስንሱበት። ውሃውን ከላይ አታፍስሱ፤ ዘሩ ታጥቦ አንድ ጥግ ይከማቻል። በእጃችሁ እርጩት ወይም ትሪውን ከሥር በውሃ አርጥቡት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ይዘገያል።

ችግኙ ሦስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት አዛውሩት። አንድ ድመት ላለው ቤት ሁለት ወይም ሦስት እግር ይበቃል። በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ አጠጡ፤ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስትከቱ እርጥበት ካገኛችሁ ግን ተዉት። ቁመቱ ጉልበት ላይ ሲደርስ ጫፍ ጫፉን ቁረጡ፤ ወደ ጎን ይሰፋል።

አምስተኛ፦ ከድመት ጠብቁት

የድሮ አውሮፓውያን አትክልተኞች በዘር የበቀለውን ድመት አያውቀውም፣ ችግኝ ሆኖ የተተከለውን ግን ይበላዋል ይሉ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስታዛውሩት እጃችሁ ቅጠሉን ያሸዋል፣ ሽታው ይወጣል፣ ያንኑ ማታ የሠፈሩ ድመቶች በሙሉ ይሰበሰባሉ። ችግኙ ላይ ተኝተው ሲነሱ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

የዶሮ ሽቦ በጉልላት ቅርጽ ጠምዝዛችሁ በላዩ ላይ ድፉና ጫፉን በድንጋይ ያዙት። ቅርንጫፉ በሽቦው ቀዳዳ ሲወጣ ድመቷ የወጣውን ትቀጥፋለች፣ ሥሩና ግንዱ ግን ይድናል። ችግኝ ያዛወራችሁ ዕለት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ አለዚያ ድመቷ ከእጃችሁ አትላቀቅም። ተክሉን ከዶሮ ቤት አጠገብ አታድርጉት። የሚሰበሰቡት ድመቶች ሁሉ የእናንተ አይደሉም፤ ጫጩት ማየታቸውም አይቀርም።

ስድስተኛ፦ መቁረጥና ማድረቅ

አበባው ሊፈነዳ ሲል ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። አበባው ከዘገየ አትጠብቁት፤ ቁጥቋጦው ከሞላ ቁረጡ። ጤዛው እንዲደርቅ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ትታችሁ በሹል ቢላዋ ቁረጡ፤ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

ቅርንጫፎቹን በትንንሽ እስር አስራችሁ ነፋስ በሚገባበት፣ ፀሐይ በማይነካው ክፍል ቁልቁል ስቀሉ። ማዕድ ቤት አትስቀሉት፤ የጭስና የበርበሬ ሽታ ይጠጣል። የድመቷ መግቢያ ያለበት ክፍልም አይሆንም። የበጋ አየራችን ለማድረቅ የተሠራ ይመስላል፤ በሐምሌ የተቆረጠ ግን በብዛት ይሻግታል። ቅጠሉ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሲሆን ከግንዱ አላቁት፤ አትፍጩት፣ ሳይሰበር ከተቀመጠ ሽታው ይቆይለታል። ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ብርጭቆ አድርጋችሁ ከብርሃን አርቁ። ላዩ ላይ ስሙን ጻፉ። ጦስኝ መስሎት ሻይ ውስጥ የሚጨምረው እንግዳ ከየቤቱ አይጠፋም።

ሰባተኛ፦ መስጠት

ለአንድ ጊዜ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ወይም ሁለት ሦስት ትኩስ ቅጠል ይበቃል። በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይ አትስጡ፤ በየቀኑ ካገኘችው ትሰለቸዋለች። ስትሰጡ በጣታችሁ አሹት። ብዙ ከበላች ሊያስመልሳት ወይም ሊያስቀምጣት ይችላል። ሌሊት የምትሮጥ ድመት ካላችሁ ከመኝታ በፊት ቅጠሉን ስጧት፣ በገመድ አጫውቷት፣ ከዚያ አብሏት፤ ጠግባና ደክማ የተኛች ድመት ቆርቆሮውን ትረሳዋለች።

ለሶፋው እንዲህ አድርጉ። ወደ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ወፍራም እንጨት ከከባድ ሳንቃ ላይ ምቱ፤ ከታች እስከ ላይ የቃጫ ገመድ አጥብቃችሁ ጠምጥሙበት። ስትደገፍበት ከተነቃነቀ አትመለስበትምና ሳንቃው ሰፊ ይሁን። ከምትቧጭረው የሶፋ ክንድ አጠገብ አቁሙት እንጂ ከክፍሉ ጥግ አትደብቁት። ከዚያ ትኩስ ቅጠል ገመዱ ላይ አሹ። በሳምንት አንዴ አድሱት፤ ሶፋውን ሙሉ በሙሉ ስትተው እንጨቱን በየቀኑ በጥቂቱ ወደምትፈልጉት ቦታ አሽሹት። ከካትኒፕ ጥቅሞች ሁሉ ከልቤ የማመሰግነው ይህንን ነው።

ለመጫወቻ ደግሞ ከአቡጀዲ ቁራጭ ትንሽ ከረጢት ሰፍታችሁ በቅጠልና በጥጥ ሙሉ። ቁልፍ፣ ዶቃና ክር አትስፉበት፤ ትውጠዋለች። ወደ ሐኪም የምትወስዱበትን ካርቶን ለማስለመድም ይጠቅማል። ከቀጠሮው ቀናት አስቀድማችሁ ውስጡ ነስንሱና ክፍት ተዉት፤ በዕለቱ ግን አትስጡ፣ ተቅበጥብጣ ሐኪሙን ታስቸግራለች።

ከአይጥ አደን ጋር አታያይዙት። የምትንከባለል ድመት አይጥ በፊቷ ቢያልፍ ላታየው ትችላለች። ሁለት ድመት ካላችሁ ለየብቻ ስጡ፤ ሲሞቃቸው የሚጣሉ አሉ። ላረገዘች ድመት ቅጠሉን አትስጡ። በጠርሙስ የሚሸጠውን የቅጠል ዘይት ድመት ላይ አትቀቡ፤ የተጣራ ዘይት ለድመት ጉበት ከባድ ነው።

ካትኒፕ ያልሆነውን መለየት

በሠፈራችን ድመት ስትንከባለልና ለሃጯ ሲዝረበረብ ያየ ጎረቤት “ተመርዛለች” ብሎ ወተት ይዞ ይሮጣል። አይፈረድበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። በአይጥ መርዝ የሞተ አይጥ የበላች ድመት በየሠፈሩ ትሞታለችና። ልዩነቱን ማወቅ የምትችሉት በሰዓት ነው። ቅጠል የሰጣችኋት ድመት በ15 ደቂቃ ውስጥ ተነሥታ ጸጉሯን ትልሳለች፣ ስትጠሯት ዞራ ታያለች፣ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። የምትንገዳገድ፣ የምትንቀጠቀጥ፣ በተደጋጋሚ የምታስመልስ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ካትኒፕ አይደለም። ደም የሚያቀጥነው የአይጥ መርዝ ደግሞ ቀናት ቆይቶ ነው የሚታየው፤ ድዷ ይነጣል፣ ትደክማለች፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከሽንቷ ጋር ደም ይታያል። ወተት ማርከሻ አይደለም። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ዱቄት ከሆነ እንዲያውም ምግብ የጨጓራ አሲድ ስለሚያበዛ መርዛማውን ጋዝ ያባብሰዋል። የመርዙን መያዣ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ።

ሴት ድመት ወንድ ስትፈልግም ትንከባለላለች፤ ግን ትጮሃለች፣ ኋላዋን ከፍ አድርጋ ጅራቷን ወደ ጎን ትጥላለች፣ ሁኔታውም ቀናት ይቆያል።

ሦስተኛው ግን አያስቅም። ቅጠል ሳይሰጣት ባሕርይዋ ድንገት የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የምትናከስ፣ ድምፅዋ የተለወጠና ምራቋን መዋጥ ያቃታት ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ይችላል። አትንኳት፣ ልጆችን አርቁ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቅጽበት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ድመታችሁን አስቀድሞ ማስከተብ ደግሞ ከካትኒፑም ከመቧጨሪያውም የሚቀድም ሥራ ነው።

ክረምቱን ማሳለፍና ማባዛት

ግንቦት መጨረሻ ላይ ተክሉን ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡት። ጀሪካኑን ከጣሪያ ሥር አስገቡት፤ መደብ ላይ ያለውን ከላይ ላስቲክ ወጥሩለት፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። እስከ መስከረም፣ ጣታችሁን ስትከቱ አፈሩ ጨርሶ ካልደረቀ በቀር፣ ውሃ አትጨምሩ። ዝናቡ ሲያበቃ ከአዲሱ ቁጥቋጦ አበባ ያልያዘ፣ የጣት ርዝመት ያለው ጫፍ ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አንሡና እርጥብ አሸዋ ላይ ሰኩት፤ ጥላ ውስጥ ከቆየ በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል። ሦስት ዓመት ያለፈውን እግር ደግሞ ነቅላችሁ በአካፋ ለሁለት ክፈሉትና በአዲስ አፈር ትከሉት። የሽቦውን ጉልላት በዚያው ዕለት መልሱበት።